ወደ መንገድ የሚያዩ መስኮቶች

ልጅቷ አዲሱ መንገድ ዳር ቤት ገዛሁ ብላ ክንፍ አውጥታ ስትመጣ፣ ባለመጋረጃዋ እናቷ መቀሷን እንኳ ከጨርቁ ላይ አላነሳችም።

«እዚያ ምን አለ?» አለቻት።

«መንገድ አለ፣ እማዬ! እንዴት ያለ መንገድ መሰለሽ። ስድስት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል። መብራቱ ብትይ፣ የእግረኛው ብትይ፣ ዛፉ ብትይ…»

«ዛፉ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሁን ነው የተተከለው።»

«እንግዲያው ዛፍ አይደለም፣ እንጨት ነው። ሲያጠላ ንገሪኝ።»

«አንድ ዓመት ስጪኝ! አዲሱ መንገድ ያንቺን ላይ ሰፈር ካላስናቀ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል።»

«ፀጉር መንቀል ያንቺ ሥራ ነው፤ ራስሽ ንቀይው።»

እንዲህ ናት ባለመጋረጃዋ። ምላሷ ከመቀሷ ይስላል ይሏታል፤ ስድብ ነው ብላም አትቀየም። ፊደል አልቆጠረችም፤ አልቆጠርኩም ብላ አታፍርም። የመስኮት ልክ የምትወስደው በሲባጎ ነው፤ ለቁመቱ አንድ ቋጠሮ፣ ለወርዱ ሁለት። የየቤቱ ሲባጎ ግድግዳዋ ላይ በምስማር ተንጠልጥሎ ይኖራል፣ የማን እንደሆነም በእጇ ዳብሳ ታውቀዋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ላይ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ በሚቆምባት ክፍል፣ ለባለጸጋ መስኮት ስትሰፋ ኖራለች። ላይ ሰፈር ማለት አጥሩ ድንጋይ፣ ግቢው ሰፊ፣ ዛፎቹ ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ጎንበስ ብለው ጫፍ ለጫፍ የተያያዙበት፣ ሰው ሲጣላ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጣላበት ሰፈር ነው። እሷ እዚያ አትኖርም፤ ቤቷ ከቁልቁለቱ በታች ነው። ሰፈሩ ሲነካባት ግን አባቷ የተሰደበባት ያህል ይቆጫታል።

ልጅቷ ፀጉር ሠሪ ናት። ባሏ ሲሞት የቀረላትን ሁለት ክፍል ቤት ሸጣ፣ ያላትን ጥሪት ሁሉ ጠራርጋ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ መኖሪያ፣ ከሥሩ ምድር ላይ ደግሞ ለፀጉር ቤት የሚሆን ሱቅ ገዛች። ሌላ የምትይዘው፣ ሌላ የምትጨብጠው የላትም። ቤቱ ከሞላ ትኖራለች፣ ካልሞላ እሷም ባዶ እጇን ናት።

እናት ወደ አዲሱ መንገድ የሄደችው ልጅቷ ከገባች ከአራት ወር በኋላ ነው። ኩራት ይዟት እንጂ እግር አጥታ አይደለም። ከአውቶቡስ ስትወርድ ጀንበር ልትጠልቅ ተቃርባለች። መንገዱ እውነትም ሰፊ ነው። አስፋልቱ እንደ ጥቁር ሐር ተዘርግቷል፣ የእግረኛው ንጣፍ ገና የእግር አሻራ የለበትም። ግራና ቀኙ ሕንፃ በሕንፃ ነው። የልጅቷ ሕንፃ ባለ ስድስት ፎቅ ነው፤ በየፎቁ አራት አራት ቤት፣ በጠቅላላ ሃያ አራት። ሰው ያለው ሦስቱ ላይ ብቻ ነበር። የቀሩት መስኮቶች ጥርሱ የረገፈ አፍ ይመስላሉ።

ልጅቷን ያገኘቻት የደንበኛ መቀመጫ ላይ ተቀምጣ ነው። የወንበሮቹ ላስቲክ አልተገፈፈም። ፀጉር ማድረቂያዎቹ ካስኮች አንገታቸውን ደፍተው ተደርድረዋል። ልጅቷ ራሷን በራሷ ሠርታ፣ ራሷ ፈትታ፣ እንደገና እየሠራች ነበር።

«ዛሬ ስንት ሰው መጣ?»

«አንድ።»

«ምን ሠራሽላት?»

«ምንም። ሽንት ቤት የት ነው ልትለኝ ነው የገባችው።»

ባለመጋረጃዋ ልትስቅ አፏን ከፈተችና የልጅቷን ዓይን አይታ መልሳ ዘጋችው። ጥግ ላይ ጀሪካኖች ተደርድረዋል።

«ውሃ የለም?»

«የውሃውን መግፊያ ሞተር የሚያስነሱት በቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሊፍቱም እንደዚያው። ቤቱ ግማሽ ካልሞላ ለሦስት ሰው ብለን አናንቀሳቅስም አሉን። ውሃ የሌለው ፀጉር ቤት ማን ይመጣል? ሰው ካልመጣ ደግሞ ውሃ የለም።»

በዚህ መሀል የሕንፃውን ቤቶች የሚሸጠው ወጣት ገባ። ቢሮው ከፀጉር ቤቱ ጎን ነው። ከረባቱ ከቀበቶው አልፎ ይወርዳል። ባለመጋረጃዋ ገና ስታየው ስሙን ከረባት አለችው፣ ከዚያ ወዲያ በሌላ ስም ጠርታው አታውቅም።

«እናቴ፣ ላይ ሰፈር መጋረጃ የሚሰፉት እርስዎ ነዎት አሉ» አለ እጁን እያሸ።

«እኔ ነኝ። ምን ልሁን?»

«ሰው ቤት ሊገዛ ይመጣል፤ ቤቱን ይወደዋል። ሲመሽ ደግሞ በመንገዱ ዞር ብሎ ያያል። ጨለማ! በቃ፣ ስልኬን አያነሳም። ሰው ሰው ያለበት ነው የሚፈልገው። ታዲያ ወደ መንገድ በሚያዩት መስኮቶች ሁሉ መጋረጃ ብናደርግባቸው፣ ከኋላቸው በሰዓት የሚበራ የሚጠፋ አምፖል ብናስቀምጥ…»

«በስተጀርባ ያሉት መስኮቶችስ?»

«ጀርባውን ማን ያየዋል?»

«ሬሳ ኳዪልኝ በለኛ!»

«ኧረ እናቴ!»

«ምን እናቴ ትለኛለህ? ያንተ እናት ዓይንህን በጨው አጥባ ነው ያሳደገችህ። ለባዶ ቤት አልሰፋም።»

ጥላው ወጣች። ልጅቷ አልተከተለቻትም።

በሳምንቱ ልጅቷ ደረጃ ሥር ወዳለችው ክፍል መጣችና በር ላይ ቆመች። መዳፏ በጀሪካን እጀታ ተልጧል። ባለመጋረጃዋ ጉረኛ ልጅ ነበረቻት፤ ያቺ ጉረኛ የት እንደገባች እግዜር ይወቅ።

«እማዬ» አለች፣ «ያለኝን ሁሉ እዚያ ነው የቀበርኩት።»

በዚህ ጊዜ የእናት ሆድ ምን ይችላል? እሺ አለች። እሺ ስትል ግን እንደ ሌላው ሰው እሺ አትልም። ከረባት ያሰበው አንድ ዓይነት ርካሽ ጨርቅ ገዝቶ፣ ያለ ገበር፣ ከላይ በምስማር አስመትቶ ሊገላገል ነው። ጨርቁን አይታ መለሰችለት።

«ሃያ አንድ ቤት ሙሉ አንድ ዓይነት መጋረጃ ካየህ እሱ መኖሪያ አይደለም፣ ሆስፒታል ነው። ገበር የሌለው መጋረጃ ደግሞ መብራት ሲበራበት ባዶነቱን ያሳብቃል፤ ወንበር የለ፣ ቁም ሣጥን የለ፣ የግድግዳው ጥግ ሁሉ ይታያል። ካታለልክ አይቀር እንደ ሰው አታል። በእኔ እጅ ያለፈ ጨርቅ አያሳፍርም።»

ይህን ያለችው ሰውን ለማታለል ጓጉታ አይደለም። እጇ ሌላ ስለማያውቅ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ግማሽ ሥራ ሠርታ የማታውቅ ሴት፣ በስተርጅና ሽንሽኑ የሸሸ መጋረጃ ስሟ ላይ ሊንጠለጠል? አይደረግም። ይብላኝላት! ኩራቷ ነው ጉድጓዱን አጥልቆ የቆፈረው።

ሊፍቱ ቆሞ ስለነበር ጉልበቷን ይዛ በየፎቁ ወጣች። ባዶ ቤት ድምፅ አለው፤ ስታስነጥስ ቤቱ መልሶ ያስነጥስባታል። ቧንቧውን ብትከፍተው አየር ተፍቶ ዝም አለ። በሲባጎዋ ልክ ወሰደች፣ ቋጠረች። ችግሩ ሲባጎውን የማን ብላ ትያዘው? ስም የሌለው ሲባጎ ደግሞ ይቀላቀልባታል። ስለዚህ ለየቤቱ ሰው ፈጠረችለት። ሁለተኛ ፎቅ በስተቀኝ አዲስ ተጋቢዎች ናቸው፤ ስስ ነጭ፣ ከሥሩ ሮዝ ገበር። ሦስተኛ ፎቅ አስተማሪ ነው፣ ብርሃን ይፈልጋል፤ ቀለል ያለ ግራጫ። አምስተኛ ፎቅ እንቅልፍ የማይወስደው ሽማግሌ፤ ወፍራም ቡናማ። አራተኛ ፎቅ በስተግራ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት፤ ቢጫ ጨርቅ፣ ወፎች ያሉበት። ጠርዙን ስትዘመዝም ልጆች ስለሚጎትቱት ድርብ አደረገችው። የሌሉ ልጆች እንዳይቀድዱት፣ ጉድ እኮ ነው!

ሥራው ስድስት ሳምንት ፈጀ። ሲሰቀል ከረባት ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሲመሽ አምፖሎቹ ተራ በተራ በሩ። አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ቢጫ ሆኖ፣ ያ የሞተ ሕንፃ ነፍስ ዘራ። አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች እየተጠቋቆሙ «ይሄም ሞላ፣ ቀደሙን» ሲባባሉ ባለመጋረጃዋ በጆሮዋ ሰማች። ደስ አላት ብል አልዋሸሁም። ወዲያው ደግሞ ደስ ያላት አናደዳት።

በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ቤተሰብ ገዝቶ ገባ። የፀጉር ቤቱ ወንበሮች ላስቲክ ተገፈፈ። ልጅቷም ጉራዋ ተመለሰላት።

«እንዴት ነው ላይ ሰፈር?» ትላለች ስልክ እየደወለች። «አሁንም ዛፉን ታቅፎ ተቀምጧል?»

«ላይ ሰፈር ሰው አለው። እናንተ ጨርቅ ነው ያላችሁ።»

ይህን ትበል እንጂ ግድግዳዋ ላይ የምስማሩ ቁጥር ከሲባጎው እየበለጠ ነበር። በዚያው ዓመት አራት ደንበኞቿ ቤታቸውን ለኩባንያ ሸጠዋል። ኩባንያ መጋረጃ አያሰፋም፤ መስኮቱ ላይ ያንን ሲጎትቱት የሚንሿሿ የቆርቆሮ መከለያ ይሰቅልና ያበቃል። ሲመሽ ላይ ሰፈርም ይጨልም ጀምሯል። የላይ ሰፈር ጨለማ ባለ ድንጋይ አጥር ስለሆነ ከመንገድ አይታይም እንጂ።

የዳኛው ሚስት የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ዳኛው ከሞቱ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ እሷን ግን ዛሬም የዳኛው ሚስት ነው የሚሏት። ለባለመጋረጃዋ የመጀመሪያዋ ደንበኛ እሷ ነበረች፤ የእሷ ሲባጎ በሩ አጠገብ ባለው ምስማር ላይ ነው። በከዘራ ተደግፋ ገባችና በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ግንባሯ ላይ የተላጠ ቁስል አለ።

«ምን ሆነው ነው እትዬ?»

«መታጠቢያ ቤት ወደቅሁ። ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ስጣራ ውዬ የሰማኝ የለም። በግራዬ ያለው ቤት ቢሮ ሆኗል፣ በቀኜ ያለው ተዘግቷል። የተከበረ ሰፈር ነው ይሉናል፤ እውነት ነው፣ ሞተሽ ብትገኚም በክብር ነው።»

«ክፉ አይናገሩ።»

«ቤቱን ልሸጠው ነው። ዘጠኝ ክፍል አለኝ፤ የምኖረው በአንዱ ነው። አሁን የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፣ ካንቺ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም።» ከዘራዋን በሁለት እጇ ጨበጠች። «አዲሱ መንገድ ዳር አንድ ሕንፃ አየሁ። እብነ በረድ አያምረኝም፣ አይቼዋለሁ። እኔ የምፈልገው ከግድግዳው ወዲያ ሰው እንዲኖር ነው። ሻጩ ልጅ ሕንፃው ሊሞላ ነው አለኝ፤ ሻጭ ደግሞ አላምንም። ግን ሲመሽ በታክሲ አለፍኩና መጋረጃዎቹን አየሁ። የሽንሽኑን አጣጣል ሳይ፣ ይሄ የእሷ እጅ ነው አልኩ። ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳቱም።»

«አውቄያለሁ! ትዝ ይልሻል፣ አንድ ጊዜ ለዕቃ ክፍሉ ርካሽ ነገር ጣል አድርጊበት ብልሽ፣ ሰው ለማይገባበት ክፍል አልሰፋም ብለሽ ጨርቄን በትነሽብኝ ሄድሽ። ዳኛው ሳቁ ቢባል አይገልጸውም። ለዚህ ነው የሻጩን ቃል ትቼ መጋረጃሽን ያመንኩት። አራተኛ ፎቅ ላይ ቢጫው፣ ወፎች ያሉበት… ከእሱ ጎን ያለው ቤት ክፍት ነው አሉኝ። የልጆች ክፍል ነው አይደል?»

ባለመጋረጃዋ ክር እያስገባች ነበር። የመርፌው ቀዳዳ ጠፋባት።

«ልጆች አሉ?» አለች የዳኛው ሚስት እንደገና።

ለዚች ሴት በሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ውሸት ነግራት አታውቅም። ሶፋዎ የሬሳ ሣጥን ይመስላል ብላታለች። ይሄ ቀለም ለእርስዎ ዕድሜ አይደለም ብላታለች። አሁንም እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ የሉም ማለት ብቻ ነው የቀራት። ከዚያ የልጇ የተላጠ መዳፍ መጣባት። አንድ ቤተሰብ፣ ሌላ አንድ ቤተሰብ፣ ከዚያ ሞተሩ ይነሳል። የዳኛው ሚስት ገባች ከተባለ ደግሞ ግማሹ ላይ ሰፈር ይከተላታል።

«አሉ» አለች።

«ስንት ናቸው?»

«ሁለት።»

«ይረብሻሉ?»

«ልጆች አይደሉ?»

የዳኛው ሚስት ፊት እንደ በራ አምፖል ሆነ። «ይረብሹ!» አለች እየሳቀች፣ «ይረብሹ፣ ግድግዳውን ያፍርሱት!» ስትወጣ የባለመጋረጃዋን ጉንጭ ሳመች። ያን ያህል ዓመት ስታውቃት ስማት አታውቅም ነበር።

የላይ ሰፈሩ ቤት ለመሸጥ ጊዜ አልወሰደበትም፤ ኩባንያ ገዛው። የዳኛው ሚስት አራተኛ ፎቅ ገባች። ከረባት የቤቷን የማስመሰያ መጋረጃና አምፖል አስቀድሞ አውርዶ፣ እንደ ንግሥት ነው የተቀበላት። እውነትም እሷን ሰምተው ከላይ ሰፈር ሁለት ሰዎች ቤቱን ሊያዩ መጡ፣ እንገዛለን ብለውም ሄዱ። ልጅቷ ጮቤ ረገጠች። የዳኛው ሚስት ደግሞ የድሮውን የእንግዳ ቤት አረንጓዴ ከፋይ መጋረጃ ለትንሿ መስኮት አሳጥሪልኝ ብላ ላከች። ባለመጋረጃዋ አሳጠረችው፤ ግን አላደረሰችውም። ዛሬ እግሬን፣ ነገ ወገቤን እያለች አንድ ወር አለፈ። ቀጠሮ አፍርሳ የማታውቅ ሴት ናት።

በመጨረሻ ልጅቷ ደወለች። «እማዬ፣ ኧረ ነውር ነው። ሴትዮዋ በባዶ መስኮት ተቀምጣ ስላንቺ ትጠይቀኛለች።»

ሄደች። ሊፍቱ አሁንም ቆሟል። በየፎቁ እያረፈች፣ ከፋዩን በክንዷ ታቅፋ አራተኛ ፎቅ ደረሰች። የዳኛው ሚስት በሩን ሳታንኳኳ ነው የከፈተችላት፤ የሰው ኮቴ ሰምታ በሩ ሥር ቆማ ስትጠብቅ ነበርና። ከስታለች። ጠረጴዛው ላይ ኪሮሽና ክር፣ ከጎኑ ሁለት ትንንሽ የሱፍ ኮፍያዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ።

«ልካቸውን ስላላወቅሁ በግምት ነው የሠራኋቸው» አለች የዳኛው ሚስት። «ነይ እስቲ፣ አንቺ ታውቂያቸዋለሽ፣ ይሆናቸዋል? ትልቁ ስንት ዓመቱ ነው?»

ባለመጋረጃዋ አልተቀመጠችም።

«እነዚህ ሰዎች መቼ ነው ቤት የሚገኙት? መብራታቸው ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይበራል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ይጠፋል። አየሽ ሥርዓት ያላቸው ናቸው። ያኔ ሄጄ አንኳኳለሁ። አይከፍቱም። ትናንት ብስኩት በር ላይ ትቼ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምን አስቀየምኳቸው? ከላይ ሰፈር መጣች፣ ትኮራለች አሏቸው ይሆን?»

«የሉም እትዬ።»

«የት ሄዱ?»

«ኖረውም አያውቁ። ቢጫውን ቤት የሰፋሁት ለማንም አይደለም። ቡናማውንም፣ ሮዙንም። በዚህ ፎቅ ላይ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከላይም ማንም የለም።»

የዳኛው ሚስት ቀዩን ኮፍያ አነሳችና በጣቶቿ ዘረጋጋችው።

«ሁለት ናቸው አልሽኝ።»

«አልኩ።»

«ይረብሻሉ ወይ ብልሽ፣ ልጆች አይደሉ? አልሽኝ።»

«አልኩ። ልጄ እዚህ ያላትን ሁሉ አፍስሳ…»

«እኔስ?»

ለሁሉ ነገር መልስ ያላት ሴት፣ ከፋዩን እንደ ሕፃን ታቅፋ ቆመች። ከታች መኪና ሲያልፍ ይሰማል። ሌላ የምታደርገው ስላጣች፣ ወደ መስኮቱ ሄዳ ወንበር ሳበች፣ ልትሰቅል።

«ተዪው» አለች የዳኛው ሚስት። «ይዘሽው ሂጂ። መጋረጃ አልፈልግም። ባዶውን ሁሉ ሸፍነሽዋል፤ ሰው ያለበት አንድ መስኮት ሳይሸፈን ይታይ።»

እንዳለችውም አደረገች። ሁልጊዜ ጀንበር ስታዘቀዝቅ አምፖሏን አብርታ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ያን ሁሉ ያማረ ሽንሽን፣ ያን ሁሉ ቀለም አልፎ ዓይን የሚያርፈው እሷ ላይ ነው፦ ራቁት መስኮት፣ ነጭ ፀጉር፣ የማይንቀሳቀስ ትከሻ። ቤት ሊገዙ የሚመጡ ቀና ብለው «እዚያ የተቀመጠችው ማን ናት? ምን ሆና ነው?» ይላሉ። ከረባት መጋረጃ በነፃ ላድርግልዎ ብሎ ለመናት፤ በሩን ዘጋችበት። ደረጃውን ወጥቶ የጠየቃትን ሰው ግን አስገብታ ታስቀምጠዋለች፣ እውነቱንም ትነግረዋለች። ከላይ ሰፈር እንገዛለን ብለው የሄዱት ሁለቱ ሳይመለሱ ቀሩ። የእሷንም ቤት የሚገዛት የለም፤ ልውጣ ብትል መሄጃ የላትም።

ፀጉር ቤቱም ተመልሶ ጭር አለ። ልጅቷ ነገሩን ከከረባት የሰማች ዕለት እናቷን አልጮኸችባትም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ስፊልኝ አልኩሽ» አለቻት ብቻ። «ዋሺልኝ አላልኩሽም። ለእኔ ብዬ ነው አትበይኝ።»

«ለማን ብዬ ነው ታዲያ?»

«እንጃ። አንቺ ታውቂያለሽ። መጋረጃሽን ሰው ሲያምነው ደስ ብሎሽ ነበር።»

ሀሰት ቢሆን ኖሮ ባለመጋረጃዋ ልጅቷን በምላሷ በቆራረጠቻት ነበር።

አሁን ደንበኞቿ አዲሱ መንገድ ይሻላል፣ የለም ላይ ሰፈር ይሻላል እያሉ ደረጃ ሥር ባለችው ክፍሏ በር ላይ ሲከራከሩ፣ እሷ ቀና አትልም። ምነው ዝም አልሽ ይሏታል። ክሬን በጥርሴ ይዣለሁ ትላለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሳትጠራ ወደ ልጅቷ ትሄዳለች። ልጅቷ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ ሳሙናና ፎጣ ይዛ፣ አራት ፎቅ በእግሯ ወጥታ የዳኛውን ሚስት ፀጉር ታጥባለች፣ ትሠራለች። ያለ ዋጋ ነው፤ ማንም አላዘዛትም። ባለመጋረጃዋ ልጅቷ እስክትወርድ ድረስ ምድር ቤት፣ ካስኮቹ መሀል ተቀምጣ ትጠብቃለች። ልውጣ ብላ አታውቅም፤ ነይ ያላትም የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጅቷ ስትወርድ እጅጌዋ እስከ ክንዷ ርሶ ነበር።

«እንዴት ናት?» አለች እናት።

«ፀጉሯ ሳስቷል። ማበጠሪያው ላይ እየቀረ ነው።»

«ምን አለች?»

«ውሃው ይቀዘቅዛል አለች።»

«ስለ እኔስ?»

ልጅቷ ጀሪካኑን ዘቅዝቃ፣ በቀረችው ውሃ ማበጠሪያውን ማለቅለቅ ጀመረች።